አሚግዳላ ለውዝ ነው ወይስ ኦቾሎኒ?

የትርጉም ሥራ ላይ ያለ አንድ አንባቢ ፍርሃት ላይ ድርሻ ስላለው የአንጎል ክፍል፣ ስለ አሚግዳላ፣ «መዝገበ ቃላቱ ለውዝ ማለት ነው ይላል፤ ታዲያ ኦቾሎኒ ነው? ከፍርሃት ጋርስ ምን አገናኘው?» ብሎ ጠይቆኛል። መልሴ ይኸው፦ ኦቾሎኒ አይደለም። «ለውዝ ማለት ነው» ያለህ መዝገበ ቃላት ልክ ነው፤ ያምታታህ የእኛው ቃል ነው።

አሚግዳላ ከግሪክ በላቲን በኩል የመጣ ቃል ነው። ትርጉሙ አልሞንድ። አዲስ አበባ ሱቅ ገብተህ «ለውዝ ስጠኝ» ብትል ኦቾሎኒ ነው የሚቋጠርልህ። ትንቢተ ኤርምያስ 1፥11 ላይ ያለው «የለውዝ በትር» ግን የአልሞንድ ዛፍ ነው። ዓረቦችም ለውዝ ሲሉ አልሞንዱን ነው፤ የአንጎሉንም ክፍል በዚሁ ቃል ይጠሩታል።

«ከፍርሃት ጋር ምን አገናኘው?» ላልከው፦ ስሙ አይገናኝም። ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ቡርዳኽ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይህን ስም የሰጠው ቅርጹን አይቶ ነው። ፍርሃት ላይ ያለው ድርሻ የታወቀው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም፤ በግራና በቀኝ፣ ከጆሯችን በላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አንድ አንድ አለን።

ለትርጉም ሥራህ ግን ተጠንቀቅ። በድሮ የሕክምና ጽሑፎች ይኸው ቃል የጉሮሮውን ቶንሲልም ይጠራበታል። ፈረንሳይኛ ዛሬም ለሁለቱም ይጠቀምበታል። እኔ አንድ ጊዜ ከፈረንሳይኛ ስተረጉም ቶንሲሉን ያስወጣውን ልጅ የአንጎል ቀዶ ሕክምና አስደርጌው ነበር! አንድ ሐኪም ጓደኛዬ አይቶት ነው የተረፍኩት። ስለዚህ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ ስለ ጉሮሮ ይሁን ስለ አንጎል እይ። ከዚያ «አሚግዳላ» ብለህ ተወውና በቅንፍ «የአልሞንድ ቅርጽ ያለው» በል። «ለውዝ» ብቻ ካልክ አንባቢህ ኦቾሎኒውን ነው የሚያስበው።