«ሲኤልኬ-ኢግኖር-አንዩዝድ» ካልተጨመረበት የማይነሣ ቦርድ፦ ጥፋተኛውን ክሎክ ፍለጋ

ሰላም ወንድሜ። አብሽር፤ ቦርድህ ደኅና ነው።

ለሌሎቹ አባላት እንዲመች ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ የጨርቃ ጨርቅ ማሽን መቆጣጠሪያ የሚሆን፣ ስክሪን ያለው ቦርድ ሠርታችኋል፤ ፕሮሰሰሩ የኤንኤክስፒ አይኤምኤክስ 8ኤም ሚኒ ነው። ከአምራቹ 5.4 ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ወደ ዋናው ሊኑክስ 6.12 ስትሻገሩ ቦርዱ መልእክቱን እየደረደረ ይመጣና፣ ጥቅም ላይ ያልዋሉ ክሎኮችን (ለቺፑ ክፍሎች የሥራ ምት የሚሰጡ ምልክቶችን) መዝጋት መጀመሩን ከሚናገረው መስመር በኋላ ድርግም ይላል። በቡት ትእዛዙ ላይ «ሲኤልኬ-ኢግኖር-አንዩዝድ» ሲጨመር ግን ያለ ችግር ይነሣል (ስትጽፉት ቃላቱን የሚያያይዘው ታች ሰረዝ ነው)። «ከሠራ ምን ቸገረን፣ እንዲሁ እንተወው?» ብለሃል።

አትተዉት። ዛሬ ጠረጴዛ ላይ የሚታየውን ችግር ፋብሪካው ወለል ላይ፣ ማንም በማያስበው ቀን እንዲታይ ታዛውሩታላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሊኑክስ የጋራ የክሎክ ማዕቀፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ3.4 ከርነል ጋር ሲገባ ለእያንዳንዱ ክሎክ ቆጣሪ አበጀለት። ድራይቨር (አንድን ሃርድዌር የሚያንቀሳቅስ የከርነል ኮድ) ክሎኩን ሲያስከፍት ቆጣሪው አንድ ይጨምራል፣ ሲለቀው አንድ ይቀንሳል። ከርነሉ ተነሥቶ ሊጨርስ ሲል የክሎኮቹን ዛፍ ይዞርና ቆጣሪው ዜሮ ሆኖ ሳለ በሃርድዌሩ ላይ ክፍት ሆኖ ያገኘውን ሁሉ ይዘጋል። ስሙ በቅሬው (በእድሩ) መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው ቤቱ ሰፈሩ መሀል ቢሆንም የቅሬው አባል ሆኖ አይቆጠርም፤ ከርነሉም መዝገቡን እንጂ ቤቱን አያይም። የእናንተን ክሎክ የከፈተው ዩ-ቡት (ከሊኑክስ በፊት ቦርዱን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ነው፤ አንድ ሃርድዌር እየተጠቀመበት ነው፤ በሊኑክስ በኩል ግን ማንም «የኔ ነው» አላለም።

ያ የቡት ቃል የሚያደርገው ይህን አንድ ዙር ማስቀረት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያው ክሎክ ወይም ወላጁ በሌላ ድራይቨር ተከፍቶ ሲለቀቅ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለስና ይዘጋል፤ የቡት ቃሉ እዚህ ላይ ሥልጣን የለውም። ሁለት መሣሪያዎች አንድ ወላጅ ክሎክ ሲጋሩና አንደኛው ሥራ ሲፈታ ራሱን ሲያስተኛ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሌላኛው ስሙ ስላልተመዘገበ አብሮ ይታነቃል። በዚያ ላይ መፍትሔያችሁ ዩ-ቡት ክፍት ትቶት በሄደው ነገር ላይ የቆመ ነው። ነገ ዩ-ቡትን ስታድሱ የማይከፍተው ከሆነ ቃሉ ኖረም አልኖረም ፋይዳ የለውም።

ወደ ፍለጋው እንግባ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ቦርዱ ሞቷል ወይስ ዝም ብሏል የሚለው ነው። ሰው ሁሉ ይህን ዘልሎ ያልፋል። የተዘጋው የሲሪያል ኮንሶሉ የራሱ ክሎክ ከሆነ ሊኑክስ ውስጥ ውስጡን በሰላም እየሠራ ሊሆን ይችላል፤ አፉ ብቻ ነው የተያዘው። በኔትወርክ ፒንግ አድርጉት። ኤልኢዲ ካለ በዲቫይስ ትሪው (የቦርዱን ሃርድዌር ለከርነሉ በሚዘረዝረው ፋይል) «ኸርትቢት» የሚለውን ትሪገር ስጡትና መምታቱን እዩ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው ቶሎ የሚጨምረው ቃል «ኧርሊኮን» ነው፤ ትክክልም ነው፣ ቀድሞ መልእክት ለማየት ይጠቅማል። ነገር ግን የአይኤምኤክስ የክሎክ ድራይቨር «ኧርሊኮን» መኖሩን ሲያይ የዩአርት (የሲሪያል መስመሩ) ክሎኮችን እስከ ቡቱ መጨረሻ ድረስ ራሱ ይዞ ያቆያቸዋል። ስለዚህ ልትመረምር ያስገባኸው ቃል የምትመረምረውን ነገር ሊለውጠው ይችላል። ሙከራውን ከቃሉ ጋርም ያለ ቃሉም አድርጉና ውጤቱን ለየብቻ መዝግቡ። እኔ በክሎክ ሥራ ላይ ደብተር የማይዝ ሰው አላምንም።

ሁለተኛው፣ ሲደርቅ ቶሎ ማብሪያውን አትንቀሉ። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤኤም335ኤክስ ፕሮሰሰር ላይ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ክሎኩ የተዘጋ ሬጅስተር (የሃርድዌሩ መቆጣጠሪያ ቦታ) ሲነካ ከርነሉ «ኤክስተርናል አቦርት» ብሎ ይጮኻል፣ የትኛው ፈንክሽን ላይ እንደ ነበርም ይናገራል። የአይኤምኤክስ 8ኤም ቤተሰብ እንዲህ ደግ አይደለም። ኮሩ በባሱ (የቺፑን ክፍሎች በሚያገናኘው መስመር) ላይ ጥያቄ ይልካል፣ መልስ የሚሰጥ የለም፣ እዚያው ቆሞ ይቀራል። ይሁን እንጂ ኮሮቹ ከአንድ በላይ ስለሆኑ አንዱ ሲታነቅ ሌሎቹ ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ሊኖራቸው ይችላል፤ የአርሲዩ (የታነቀ ኮርን የሚያስተውል የከርነል ክፍል) የመቆም ማስጠንቀቂያ ደግሞ በተለመደው ቅንብር ከ21 ሰከንድ በኋላ ነው የሚመጣው። ግማሽ ደቂቃ የታገሠ ሰው አንዳንድ ጊዜ የታነቀውን ኮር ቁጥር በነፃ ያገኛል።

ሦስተኛው፣ ክሎክንና ፓወር ዶሜይንን (አብሮ የሚበራና የሚጠፋ የኃይል ክፍልን) ለዩ። «ፒዲ-ኢግኖር-አንዩዝድ» የሚባል ወንድም ቃል አለ፤ ጥቅም ላይ ያልዋሉ የኃይል ክፍሎች እንዳይጠፉ ያደርጋል። ለየብቻ ሞክሯቸው። የክሎኩ ቃል ብቻውን ካዳነው ጥፋተኛው ክሎክ ነው። የፓወሩም ብቻውን ካዳነው ግን ወደ ኃይል ክፍሉ ዙሩ፤ ምናልባትም ክፍሉ ሲጠፋ የሚያስፈልገው ክሎክ ቀድሞ ተዘግቶበታል። ይህን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ስም ማውጣት። በክሎኩ ቃል አስነሡትና በዲበግ-ኤፍኤስ (ከርነሉ የውስጥ ሁኔታውን በፋይል መልክ በሚያሳይበት ማህደር) ውስጥ «ክሎክ ሰመሪ» የሚባለውን ፋይል አውጡ። በ6.12 ላይ ከቆጣሪዎቹ ሌላ ሃርድዌሩ በእውነት ክፍት መሆኑን የሚያሳይ ዓምድ አለ። ቆጣሪው ዜሮ፣ ሃርድዌሩ ክፍት፣ ተጠቃሚ የለውም የሚሉትን መስመሮች ለብቻ ልቀሟቸው። ተጠርጣሪዎቻችሁ እነዚያ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ከሚፈራው ያጠረ ነው።

ከዚያ ወንጀለኛውን ለመለየት እኔ የምወደው መንገድ ሸካራ ነው፤ የከርነሉን የክሎክ ኮር ፋይል ከፍቶ፣ ያልዋሉትን የሚዘጋው ፈንክሽን እያንዳንዱን ከመዝጋቱ በፊት ስሙን እንዲያትምና ከዘጋ በኋላ መቶ ሚሊሰከንድ እንዲጠብቅ ማድረግ። መጠበቂያው «ኤም-ዲሌይ» ይሁን፤ እዚያ ቦታ ላይ መቆለፊያ ተይዟልና የሚያስተኛ መጠበቂያ አይፈቀድም። ያለ መጠበቂያው ግን ስሙ ያታልላችኋል፦ ክሎኩ ተዘግቶ እስኪያንቅ ድረስ ጊዜ ይወስዳል፣ በመካከሉ የሌሎች ስሞች ይታተማሉ፣ እናንተም የመጨረሻውን ንጹሕ ስም ትከሳላችሁ። ከርነሉ እስኪገነባ ከአቦል እስከ በረካ ይበቃል፤ ላፕቶፑ አሮጌ ከሆነ ሁለተኛ ጀበና ጣዱ።

እንደገና መገንባት የሰለቸው ሌላ አማራጭ አለው። በዚያው ፋይል ውስጥ ዲበግ-ኤፍኤስ እንዲጻፍበት የሚፈቅድ ማክሮ (ኮዱ ውስጥ የሚጻፍ ማብሪያ ቃል) አለ፤ በቅንብር ሜኑ ውስጥ አታገኙትም፣ በእጅ ነው የሚጻፈው። ሲበራ ከርነሉ በትልቅ ማስጠንቀቂያ ይጮህባችኋል፤ ይገባዋልም። ያን ጊዜ ቦርዱን በክሎኩ ቃል አስነሥታችሁ፣ በተጠርጣሪው ክሎክ ማህደር ሥር ያለውን የማዘጋጃና የማስከፈቻ ፋይል አንድ ትጽፉበታላችሁ፣ ቀጥሎ ዜሮ። አንዱ ቆጣሪውን ያስነሣል፣ ዜሮው ይመልሰዋል፣ ክሎኩም ይዘጋል። ቦርዱ ከደረቀ ሰውየው ተይዟል። ይህን ማክሮ ለደንበኛ በሚሄድ ከርነል ውስጥ ያስቀረ ሰው ግን እኔን አያውቀኝም።

ስሙ ሲገኝ ሥራው አላለቀም፤ ማን ይጠቀምበታል የሚለው ይቀራል። በእናንተ ቦርድ ላይ ስክሪን ስላለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዩ-ቡት የሚያሳየውን የድርጅት አርማ ነው። ዩ-ቡት የማሳያ መቆጣጠሪያውን ከፍቶ፣ ከማስታወሻ (ከሜሞሪ) ምስል እየሳበ ትቶት ይሄዳል። የሊኑክሱ የማሳያ ድራይቨር ገና አልተጫነም፣ ወይም ፓነሉን እየጠበቀ ነው። ከርነሉ በመሀል የባሱን ክሎክ ሲዘጋበት ዝውውሩ አየር ላይ ይቀራል። ሞክሩት፦ አርማውን ከዩ-ቡት አጥፉና ያለ ምንም ቃል አስነሡ። ከተነሣ ጉዳዩ እዚህ ነው። አርማው የግድ ከሆነ በዲቫይስ ትሪው ውስጥ የ«ሲምፕል-ፍሬምበፈር» ኖድ (የአንድ መሣሪያ መግለጫ) ጻፉና ክሎኮቹንና ፓወር ዶሜይኑን ዘርዝሩበት፤ ኖዱ እነዚህን የሚቀበለው እውነተኛው ድራይቨር እስኪመጣ ባለቤት እንዲኖራቸው ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የኤም4 ኮሩ (በዚያው ቺፕ ውስጥ ከሊኑክስ ውጭ የራሱን ፕሮግራም የሚያሄደው ትንሽ ኮር) ነው፤ ትጠቀሙበት እንደሆነ አልጻፍክም። በሐይቅ ከተማ አቅጣጫ በሠራነው የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ላይ ኤም4ው የፍሰት ቆጣሪውን በዩአርት ያነብ ነበር፣ ሊኑክስ ደግሞ መረጃውን ይልክ ነበር። ሊኑክስ ተነሥቶ ሲጨርስ የፍሰቱ ቁጥር ባለበት ቀጥ ይላል። ሁለት ሰዎች ቆጣሪውን ቀየሩ፣ ገመዱን ቀየሩ፣ ቱቦውን ሳይቀር ጠረጠሩ። ሊኑክስ የኤም4ን ዩአርት ክሎክ «ባለቤት የለውም» ብሎ ዘግቶታል። ያስተካከልነው በዲቫይስ ትሪው የተዘረዘሩትን ክሎኮች ይዞ የሚቀመጥ አጭር ድራይቨር ጽፈን ነው። ያምራል አልልም፣ ግን ባለቤትነቱ በግልጽ ተጽፏል፤ የሚቀጥለው ሰው ሲያነብ ይገባዋል።

ሦስተኛው ከፕሮሰሰሩ ወጥቶ ውጭ ያለ ቺፕ የሚመግብ ክሎክ ነው፤ ለምሳሌ ለኢተርኔት ፊዚካል ቺፕ የሚሄደው 50 ሜጋኸርዝ። የዚህ ምልክት ግን የኔትወርክ መጥፋት እንጂ መድረቅ ስላልሆነ የእናንተ አይመስለኝም።

ክሎኩን ከሥር «ወሳኝ» ብሎ ምልክት ማድረግም ይቻላል። ለማስታወሻው መቆጣጠሪያና ለዋናው ባስ ያ ተገቢ ነው። ለማሳያ ወይም ለዩአርት ሲደረግ ግን የቡት ቃሉን ስሙን ለውጦ ኮድ ውስጥ መደበቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ፓች ቢላክልኝ አልቀበልም።

ወደ ፓወር ዶሜይኑ ልመለስ። በዚህ ፕሮሰሰር ላይ አንድ የኃይል ክፍል ሲበራና ሲጠፋ ከባሱ ጋር መጨባበጥ አለበት፤ ለመጨባበጡ ደግሞ የክፍሉ የባስ ክሎክ እየሠራ መሆን ይኖርበታል። ለዚህ ነው በዲቫይስ ትሪው የኃይል ክፍሎቹ ኖዶች ራሳቸው ክሎክ የሚዘረዝሩት። ከአምራቹ ዛፍ ኖድ ቀድታችሁ ከሆነ አስተውሉ፦ በዚያ 5.4 ከርነል የኃይል ክፍሎቹ የሚያዙበት መንገድ ከዋናው ሊኑክስ የተለየ ስለሆነ ቅጂው ያለ ስሕተት ኮምፓይል ሆኖ በዝምታ ላይሠራ ይችላል። «ጂፒሲ» ከሚለው፣ የኃይል ክፍሎቹን ከሚቆጣጠረው ድራይቨር «ፒጂሲን ማዘዝ አልተቻለም» የሚል መልእክት ካያችሁ ክሎኩን ፈልጉ እንጂ የቮልቴጅ መለኪያ አታውጡ። የትኛው ክፍል በርቶ፣ የትኛው መሣሪያ በየትኛው ሥር እንዳለ በዲበግ-ኤፍኤስ ውስጥ ያለው የፓወር ዶሜይን ማጠቃለያ ፋይል ያሳያችኋል። መሣሪያው ዘግይቶ ሲተኛ ብቻ የሚደርቅ ከሆነ በሲስኤፍኤስ (መሣሪያዎቹ በፋይል መልክ በሚታዩበት ማህደር) የመሣሪያው «ፓወር» ማህደር ውስጥ «ኮንትሮል» የሚለውን «ኦን» አድርጉት፤ ችግሩ ከጠፋ ድራይቨሩ ተኝቶ ሳለ ሬጅስተር የሚነካበት ቦታ አለ፤ የኢንተራፕት ተቀባዩን መጀመሪያ እዩ።

አንድ የሙከራ ነገር፦ ሶፍት ሪቡት ብቻ እያደረጋችሁ «ተስተካከለ» አትበሉ። እንደ ዳግም ማስነሻው ዓይነት አንዳንድ ነገር ካለፈው ዙር እንደ በራ ሊቀር ይችላል። እኛ ዘንድ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ መብራት ሳያስጠነቅቅ ይሄዳል፣ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል፤ ማሽኑ በሥራ ዘመኑ የሚያየው ቀዝቃዛ አነሣሥ ነው። ገመዱን ንቀሉ፣ ካፓሲተሮቹ እስኪፈስሱ ጠብቁ፣ መልሳችሁ ሰኩ።

አርማውን አጥፍታችሁ ከሞከራችሁ በኋላ ውጤቱን ከሦስት ነገሮች ጋር እዚሁ ለጥፉልኝ፦ ሙሉውን የክሎክ ሰመሪ፣ የፓወር ዶሜይን ማጠቃለያውን፣ እና ከዲቫይስ ትሪያችሁ የማሳያውንና የጂፒሲውን ክፍል። ፎቶ አንሥታችሁ አትላኩ፤ ጽሑፉን በፋይል።