ውሻዬን መቼ ላስመክናት? ከማደንዘዣውስ በሰላም ትነቃለች?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከደብረ ሲና ነው። ቡቺ የምትባል አንድ ዓመት ከሁለት ወር የሞላት የሐበሻ ውሻ አለችኝ። ከእንቁጣጣሽ ማግስት ጀምሮ ደም እያየች ነው። የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ አጥራችን ሥር ያድራል። ላስመክናት ወስኛለሁ፤ ጎረቤቴ ግን «አንዴ ሳትወልድ ከመከነች ትታመማለች» ትለኛለች። አንድ ዘመዴ ደግሞ የሴቶችን የሦስት ወር መርፌ አስወጋት ይላል። ከሁሉ በላይ የምፈራው ማደንዘዣውን ነው። የአክስቴ ውሻ እንደተኛች ቀርታለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ስለ አክስትዎ ውሻ አዝናለሁ። ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ሆድ ተከፍቶ ማህፀንና ኦቫሪ (እንቁላል የሚፈጠርበት አካል) የሚወጣበት ከባድ ቀዶ ጥገና ነው። ሆኖም ወጣትና ጤነኛ ለሆነች ውሻ፣ ዝግጅቱ በደንብ ከተሠራ፣ አደጋው ትንሽ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን እንቁረጥ። አሁን አይሆንም። ስሪያ ላይ ያለች ውሻ የማህፀኗ የደም ሥሮች ስለሚያብጡ ቀዶ ጥገናው ላይ ብዙ ትደማለች። ስሪያው ካለቀ በኋላ ከ2 እስከ 3 ወር ይጠብቁ። የውሻ ስሪያ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ስለሚቆይ የቡቺ መስከረም መጨረሻ ገደማ ያበቃል። እንግዲህ ታኅሣሥን፣ ከገና በፊት ያሉትን ሳምንታት ያስቡ። ውሻ በአማካይ በየ6 ወሩ ገደማ ለስሪያ ትፈልጋለች። ታኅሣሥ ካለፈዎት የሚቀጥለው መጋቢት አካባቢ ይደርስብዎታል።

እስከዚያ ቡቺን ከወንዶቹ ይጠብቋት። ደሙ ቀለሙ ሲሳሳ «አለቀላት» ብለው አይልቀቋት፤ ወንድ የምትቀበለው በአብዛኛው ያኔ ነው። ደም ካየችበት ቀን ጀምሮ 4 ሳምንት ሙሉ ግቢ ውስጥ ትዋል፣ ለሽንት ስትወጣም በገመድ ትያዝ። የእብድ ውሻ ክትባቷ ያለፈ ከሆነም አሁኑኑ ያስከትቧት። አጥር ሥር የሚናከሱ የሰፈር ውሾች ባሉበት ይህ ለነገ አይባልም። አምልጣ ከወንድ ጋር ተገናኝታ ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩት። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ በአልትራሳውንድ ይታያል።

ጎረቤትዎ በቅን ልብ እንደተናገሩ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን አንዴ መውለድ ለውሻ ጤና የሚጨምርላት ነገር የለም። እንዲያውም በጊዜ መምከን በኋለኛ ዕድሜ የሚመጣውን የጡት ዕጢ እንደሚቀንስ ይታመናል። ማህፀን መግል የሚቋጥርበትን ገዳይ በሽታ ደግሞ ከሥሩ ያስቀረዋል። (እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ትላልቅ ዝርያዎች ያሏችሁ አንባቢዎች፣ አጥንታቸው እስኪጠና ቢያንስ አንድ ዓመት ጠብቁ። ቡቺ ግን ይህን አልፋለች።)

የሦስት ወር መርፌውን እባክዎን አያስወጓት። ይህን አጥብቄ ነው የምለምንዎት። መርፌው ውስጥ ያለው ሆርሞን የውሻን ማህፀን ለዚያው መግል ያጋልጠዋል፣ የጡት ዕጢም ያመጣል። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሞክረዋል፤ በኋላ ግን መግል የሞላው ማህፀን በድንገተኛ ቀዶ ጥገና መውጣት አለበት። ጤነኛ ውሻን ማስመከንና የታመመችን ማስመከን ፈጽሞ አይገናኙም።

አሁን ወደ ማደንዘዣው። ከማደንዘዣ ጋር በተያያዘ ከሚሞቱ ውሾች ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት። ሁሉም ሰው «ተጠናቀቀ» ብሎ እጁን ሊታጠብ በሄደበት ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪም ሲመርጡ ከዋጋው በፊት «እስክትነቃ ማን አጠገቧ ይቆያል?» ብለው ይጠይቁ። ቀዶ ጥገናውን ከሚሠራው ሌላ፣ ትንፋሿን፣ የልብ ምቷንና የድዷን ቀለም ብቻ የሚከታተል ሰው መኖር አለበት። ይህ ሰው ከሌለ ቀጠሮውን ባይዙ እመርጣለሁ። ቤት ድረስ መጥቼ በረንዳ ላይ እሠራልዎታለሁ የሚልዎትንም አመስግነው ይሸኙት።

ሌላም ይጠይቁ። በሚዛን ትመዘናለች ወይስ በግምት ነው? መድኃኒቱ የሚሰላው በኪሎ ስለሆነ ግምት ያስፈራል። እግሯ ላይ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) ይገባላታል? እስክትነቃስ ይቆያል? ድንገት ልቧ ቢደክም የደም ሥር ፍለጋ የሚባክን ደቂቃ መኖር የለበትም። ወደ አየር ቧንቧዋ የሚገባ ቱቦና ኦክስጅን ተዘጋጅቷል? የሚሰጣት ኬታሚን የሚባለው ማደንዘዣ ብቻውን ከሆነ እሺ አይበሉ። ሰውነቷን ያገታትራል፣ ለሆድ ውስጥ ሕመምም አይበቃም። ከሌላ ማስታገሻና ማፍታቻ ጋር ተዳብሎ ነው የሚሰጠው። ዛይላዚን የሚባለው ማረጋጊያ ደግሞ ብዙ ቦታ ይሠራበታል፤ የሚያስመልስና ልብን የሚያዘገይ ስለሆነ የልብ ምቷን የሚሰማ ሰው ይፈልጋል። ጥሩ ሐኪም ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም።

ከቀጠሮው በፊት መዥገር እንዳለባት ይዩ። የእናንተ አካባቢ ወደ ቆላው ስለሚቀርብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መዥገር የሚያስተላልፋቸው በሽታዎች ደም ማነስ ያመጣሉ፣ ደም እንዳይረጋም ያደርጋሉ። ከንፈሯን ገለጥ አድርገው ድዷን በጣትዎ ጫን ይበሉትና ይልቀቁት። ነጣ ብሎ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ድዱ ከመጀመሪያውም የገረጣ ከሆነ የደም ምርመራ ሳይደረግላት አትተኛ። ከቀጠሮው በፊት ባለው ማታ እራቷን በጊዜ ትብላ፣ ጠዋት ምንም አትቅመስ። ውሃ ግን ከቤት እስክትወጣ አይከልክሏት። ሰርቃ ከበላች ይናገሩና ቀኑ ይለወጥ፤ ተኝታ የምታስመልስ ውሻ ትውከቱ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።

ወደ ደብረ ብርሃን ለመውሰድ ካሰቡ በዋዜማው ይውጡ። የጣርማ በር ዳገትና ጠመዝማዛ መንገድ ያስመልሳታል። ከቀዶ ጥገናው በኋላም የዚያኑ ዕለት መኪና ላይ አይጫኗት፤ ዘመድ ቤት ወይም ክሊኒኩ ውስጥ ትደር። የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ እርስዎም የሚያውቁት ነው። ማደንዘዣ የወሰደ ሰውነት ሙቀቱን መያዝ አይችልም፤ የበረዳት ውሻ መድኃኒቱን ከሰውነቷ የምታስወግደው በዝግታ ስለሆነ መንቃቷ ይዘገያል። ባናም ሆነ ብርድ ልብስ ይዘው ይሂዱ። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው በጨርቅ ጠቅልለው አጠገቧ ያድርጉ፤ ጠርሙሱ ያለ ጨርቅ ቆዳዋ ላይ ካረፈ ያቃጥላታል፣ እሷም መናገር አትችልም። ራሷን ቀና አድርጋ በደረቷ እስክትቀመጥ ድረስ ከክሊኒኩ አይውጡ።

ቤት ስትገባ የሰው ማስታገሻ እንዳይሰጧት። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ፓራሲታሞል ውሻን ይመርዛሉ። ማስታገሻዋን ሐኪሙ ያዘዘውን ብቻ ይስጧት፤ ሳይሰጥዎ ሊሸኝዎት ከሆነም ይጠይቁት። ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የሚታሰረውን ሾጣጣ ላስቲክ ያድርጉላት። ክሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ እስከዚያ አትሩጥ፣ አትዝለል። ትንሽ እብጠት የተለመደ ነው። ደም የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ሆዷ ከተነፋ ወይም ድዷ ከገረጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ይደውሉ።

ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ቀጠሮዋን እየጠበቀች ሳለ፣ ውሃ አብዝታ ከጠጣች፣ ምግብ ከተወች ወይም ከኋላዋ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካዩ ታኅሣሥን አይጠብቁ። ማህፀኗ መግል ይዞ ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ዕለት ያሳይዋት።