«ጠንክሬ አጠናለሁ» ግብ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። የሰባተኛ ክፍል ልጄን የሳይንስ መምህሩ ራስህን ገምግም፣ ግብም አውጣ ብሎ ቅጽ ሰጠው። «ጎበዝ ነኝ፣ ጠንክሬ አጠናለሁ» ብሎ ሞልቶ መለሰ። እውነት ይሄ ነገር ይጠቅማል?

መልስ፦ ይጠቅማል እህቴ፣ ለይስሙላ የሆነው አሞላሉ ነው። እስቲ አንድ ጥያቄ ስጪው፦ ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት እያቃሰተ ወጥቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ቢገባ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? ሠርቶ ሲጨርስ፣ መልሱን ሳያይ፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ከ5 ነጥብ ይስጥ። መልሱ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 82.5 ካመጣ ማካፈል ሲገባው አባዝቷል። 5 ከ5 ሰጥቶ ከተሳሳተ ደግሞ እሰየው፣ ገብቶኛል ብሎ የዘለለው ቦታ ተገኘ ማለት ነው።

ያኔ ግቡ ራሱ ይመጣል፦ «እስከ ዓርብ 5 የፍጥነት ጥያቄ ደብተር ሳላይ እሠራለሁ፣ አሃዱንም (ኪሎ ሜትር በሰዓት) እጽፋለሁ»። «90 አመጣለሁ» አይበል፤ ማርክ የሚሰጠው መምህሩ ነው፣ ልምምዱ ግን በልጁ እጅ ነው። አንቺም አትጻፊለት (የወላጅ ቋንቋ ወዲያው ያሳብቃል)። ዓርብ ካልደረሰለት አትቆጪው፣ ወደ 3 ጥያቄ ዝቅ አድርጎ ይቀጥል።