ጥይቴ ለምን ይወላገዳል?

ጥያቄ፦ ለዒላማ ተኩስ የ.308 ዊንቸስተር ጥይት ቤቴ እሞላለሁ። የሞላሁትን በዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን ልዩነት በሚያሳይ ባለመርፌ መለኪያ) ሥር ሳሽከረክር እርሳሱ (ተተኳሹ ጫፍ) ላይ ከ0.005 እስከ 0.006 ኢንች ራንአውት፣ ማለትም ከመሐል መወላገድ፣ ያሳያል። እርሳስ መትከያ ዳዩን (ፕሬሱ ላይ የሚታሰረውን፣ እርሳሱን ቀለሃው ውስጥ የሚተክለውን ክፍል) ልቀይር? (አንባቢ፣ ከኮሎራዶ)

መልስ፦ ለጊዜው ገንዘብዎን ይያዙ። ጉድለቱ እርሳሱ ላይ ቢታይም ቀለሃው መትከያው ጋ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ አንገቱ ቀድሞ ተጣሞ ነው።

አምስት ቀለሃ ላይ ቁጥር ይጻፉና አንገታቸውን ሦስት ጊዜ ይለኩ፦ እንደተተኮሱ፣ ማስፊያ ኳሱ (ዳዩ ውስጥ ዘንግ ላይ ሆኖ አንገቱን የሚያሰፋው) ወጥቶ በመጠን ማስተካከያው ዳይ ካለፉ በኋላ፣ በመጨረሻም ኳሱ ተመልሶ ያንኑ ሲደግሙት። የተተኮሰ ቀለሃ ወደ 0.001 ኢንች ገደማ ቢያሳይ ደህና ነው። ቁጥሩ በሦስተኛው ላይ ከዘለለ ጥፋተኛው ኳሱ ነው። መደበኛ ዳይ አንገቱን ከሚገባው በላይ ያጠብበዋል፤ ኳሱ ደግሞ ሲወጣ በግድ እየጎተተ ያሰፋዋል። የአንገቱ ውስጥ ደረቅ ከሆነ ጉተታው ይበረታል፣ አንገቱም ወደ አንድ ጎን ይሳባል። ፕሬሱን ሲመልሱ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ከሰሙ ምልክቱ ያው ነው።

መጀመሪያ የአንገቱን ውስጥ ደረቅ ግራፋይት ወይም ሚካ በነካ ብሩሽ ይጥረጉ። ቀጥሎ የኳሱን ዘንግ የሚያስረውን ብሎን ያላሉ፤ አንድ ቀለሃ ወደ ዳዩ አስገብተው ሲመልሱ ኳሱ አንገቱ ውስጥ ሲደርስ ያቁሙና ብሎኑን እዚያው ያጥብቁ። ዘንጉ መሐሉን ራሱ ያገኛል። ካልበቃ ኳሱን አውጥተው አንገቱን ለብቻው በ0.306 ኢንች ማንድረል (ልሙጥ የማስፊያ ዘንግ) ከላይ በመግፋት ያስፉ። ቡሺንግ ዳይ (የአንገቱን ጥበት በሚቀየር ቀለበት የሚወስን) ካለዎት እርሳስ የተተከለበትን አንገት ውጭ ይለኩ፤ 0.336 ከሆነ 0.334 ቡሺንግ ይበቃል።

ኳሱ ወጥቶም የሚወላገድ ከሆነ የአንገቱን ግድግዳ ውፍረት ይለኩ። አንዱ ጎን 0.015፣ ሌላው 0.012 ከሆነ ዳይ ቢቀያይሩ ለውጥ አያገኙም፤ ቀለሃውን ለልምምድ ይመድቡት ወይም አንገቱን በቀለሃ አንገት መላጫ መሣሪያ ያስተካክሉ።

መትከያውን የሚጠረጥሩት አንገቱ ቀጥ ብሎ እርሳሱ ሲወላገድ ብቻ ነው። ያኔ የመግፊያው ጉድጓድ የእርሳሱን ሹል ጫፍ ሳይሆን ከጫፉ ዝቅ ያለውን ጎኑን መያዙን ይመልከቱ፤ የአንገቱን ከንፈር በመሞረጃ ያለስልሱ፤ እርሳሱን ግማሽ ድረስ ገፍተው ቀለሃውን ግማሽ ዙር ካዞሩ በኋላ ይጨርሱ።

የተሞላ ጥይት እየተጫኑ የሚያቃኑትን መሣሪያ ግን አንመክርም፤ አንገቱ እርሳሱን የሚይዝበትን ኃይል ያዛባል። ለዒላማ እስከ 0.002 ካወረዱት ይበቃዎታል፤ ለአደን 0.004 ቢሆንም በ100 ሜትር ልዩነቱን ማየት ይከብዳል።