ልጄ ሆስፒታል ገብታ እንድታይ 4,000 ዶላር ልክፈል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ልጃችን 10ኛ ክፍል ናት፣ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ሐኪም የሆነ ዘመድም ጓደኛም የለንም። ሰሞኑን በሰመር ለሁለት ሳምንት ሆስፒታል የሚያስጎበኝ ፕሮግራም በኢሜይል መጣላት፣ ዋጋው ወደ 4,000 ዶላር ነው። «ኮሌጅ ለመግባት ይጠቅመኛል» ብላ እያለቀሰች ነው። ተበድረን እንክፈል? ወይስ እንደኛ ላለ ቤተሰብ ሌላ መንገድ አለ?
አንዲት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ አትበደሪ። እንዲህ ያለ ኢሜይል ሲመጣ ልጅቷ ተመርጣ የተላከላት ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚላከው ለብዙ ሺህ ልጆች ነው፣ መክፈል የቻለ ይገባል። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ቢካሄድም ዩኒቨርሲቲው መርጧታል ማለት አይደለም። ኮሌጆችም ይህን ያውቃሉ።

ሌላ መንገድ ግን አለ፣ ለዚያውም ለእናንተ ዓይነት ቤተሰብ ተብሎ የተዘጋጀ። ቦስተን የሚገኘው ብሪገም ኤንድ ዊሜንስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የከተማውን የሃይስኩል ተማሪዎች እየከፈለ ያሠራል። ባልቲሞር ላይ ሜሪት የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ይማራሉ፣ በሰመር ደግሞ ደመወዝ እያገኙ ሆስፒታል ይሠራሉ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲም ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ የካሊፎርኒያ ተማሪዎችን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በነፃ ይቀበላል። እነዚህ ለየአካባቢያቸው ልጆች ስለሆኑ ያንቺ ልጅ አትገባባቸውም። የነገርኩሽ ግን ሕጋቸውን እንድታዪው ነው፦ እውነተኛ የሆስፒታል ኢንተርንሽፕ ከልጅ ገንዘብ አይወስድም፣ ብዙ ጊዜም ይከፍላታል።

እናንተ ጋ ደግሞ በጣም ቅርብ የሆነ ነገር አለ። አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ከጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የጤና ሳይንስ አካዳሚ ከፍቷል። የሕዝብ ትምህርት ቤት ስለሆነ ክፍያ የለውም። እዚያ የምትማር ከሆነ ነገውኑ ካውንስለሯ ጋ ሄዳ «አካዳሚው ውስጥ እንዴት እገባለሁ? በሰመር ሆስፒታል የሚያስገባ ምን አለ?» ብላ ትጠይቅ። ዲሲ የምትኖሩ አንባቢዎች ደግሞ የከተማው የሰመር ሥራ ፕሮግራም ከ14 ዓመት ጀምሮ ይመዘግባል፣ ስትመዘገቡ የጤና ተቋም መምረጣችሁን አትርሱ። ለሰመር የሚሆነው ማመልከቻ አብዛኛው የሚዘጋው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው። ሜይ ላይ መጠየቅ የጀመረ ልጅ ለዚያ ዓመት አልፎበታል።

አሁን ይሉኝታውን እናንሳ፣ ብዙ ቤተሰባችንን የሚጎዳው እሱ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የቤተሰብ ገቢ ይጠይቃሉ፣ ልጅቷ በነፃ ምሳ ተጠቃሚ መሆኗን ይጠይቃሉ፣ ወላጆቿ ኮሌጅ መጨረስ አለመጨረሳቸውን ይጠይቃሉ። እኛ ደግሞ «ሰው ምን ይለናል» ብለን ፎርሙን ባዶ እንተወዋለን ወይም ገቢያችንን ከፍ አድርገን እናወራለን። እባክሽ እንዳታደርጊው። በሩ የተከፈተው ለዚህ ነው፣ እውነቱን በእውነተኛው ቁጥር ሙሉ። አገር ቤት ዲግሪ ካላችሁም እሱንም ጻፉ፣ አትደብቁ።

ከማመልከቻው ጋር የሚጻፈውን ድርሰት በተመለከተ፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል። አንቺ «ሐኪም ዘመድ የለንም» አልሽኝ፤ አንቺ ራስሽ እኮ በየቀኑ በሽተኛ የምታነሺ፣ የምታጥቢ፣ ደም ግፊት የምትለኪ ሰው ነሽ። ልጅሽ ስለ ሥራሽ ትጻፍ። ከምሽት ሺፍት ስትመለሺ የምታወሪያትን፣ ለዘመድ የሐኪም ቀጠሮ እሷ ስልክ ላይ ተቀምጣ መጠበቋን ትጻፍ። የትኛውም ሀብታም ልጅ ያንን መጻፍ አይችልም።

ተቀባይነት ካገኘች በኋላ ብዙ የእኛን ልጆች የሚያስቸግረው የጤና ወረቀት ነው። ሆስፒታል የክትባት ማስረጃና የቲቢ ምርመራ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ተወልዳ ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ወስዳ ከሆነ ክንዷ ላይ የሚደረገው የቲቢ ምርመራ ሳትታመም ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል፣ ስለዚህ የደም ምርመራው ይደረግልኝ በሉ። የጉድፍ (ቺክንፖክስ) ክትባት ደግሞ አገር ቤት በመደበኛው ክትባት ውስጥ አልነበረም፤ ወይ ሁለቱን ዶዝ ትወስዳለች፣ ወይም የመከላከል አቅም እንዳላት በደም ይታያል። ይህ ሁሉ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ቀድማችሁ ጨርሱት። ዕድሜም ይታያል፣ ብዙ ሆስፒታሎች 16 ካልሞላት አይቀበሉም። የሚከፈልበት ከሆነ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለመሥራት በሕግ የተፈቀደላት መሆን አለባት።

እዚያ ስትገባ ምን ትሠራለች? መርፌ አትወጋም። ጓንት ትደረድራለች፣ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ታደርሳለች፣ ባለሙያ ተከትላ ታያለች፣ አንዳንድ ቀን በጣም ይሰለቻታል። ጥቅሙ ግን ሆስፒታል ማለት ሐኪም ብቻ አለመሆኑን በዓይኗ ማየቷ ነው። እኛ ቤት «ዶክተር» ወይም «ነርስ» ነው፣ ሌላ የለም። ራጅ የሚያነሳው፣ አልትራሳውንድ የሚሠራው፣ የመተንፈሻ ማሽኑን የሚቆጣጠረው ሁሉ የራሱ ሙያና ጥሩ ደመወዝ አለው፣ ብዙዎቹም በሁለት ዓመት ዲግሪ ይጀመራሉ። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) እኮ ስፕሪንግፊልድ፣ አጠገባችሁ፣ ለዚህ ብቻ የሚሆን የሕክምና ካምፓስ አለው። ሐኪም የመሆን ሐሳቧን እንድትተው አይደለም የምልሽ፣ አማራጩን አይታ ትምረጥ ነው።

ሁለት ነገር ግን አስጠንቅቂያት። አማርኛ የሚናገር በሽተኛ ሲመጣ «ነይ አስተርጉሚልን» ሊሏት ይችላሉ። ድንገተኛ የሕይወት አደጋ ካልሆነ በቀር ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ በሕክምና እንድታስተረጉም የፌደራሉ ደንብ አይፈቅድም፣ በትሕትና እምቢ ትበል። ቋንቋውን ትያዘው፣ 18 ሲሞላት ሥልጠና ወስዳ የሕክምና አስተርጓሚ መሆን ትችላለች። ሁለተኛው፣ ስለ በሽተኛ ቲክቶክ ላይ ፎቶም ወሬም አይወጣም። ፊቱ ባይታይም። ወዲያው ያስባርራታል፣ ሕግም አለበት።

ጿሚ ከሆነች ደግሞ ፍልሰታ ኦገስት ላይ ነው፣ ሥራው ገና ሳያልቅ። ባዶ ሆድ ረጅም ሰዓት ቆሞ ደም ሲቀዳ ማየት ራስ ያዞራል። ቀድማ ለኃላፊዋ ትንገር፣ ስለ ሰዓቱም የንስሐ አባቷን ታማክር።

ዘንድሮ ሁሉም ቦታ ባይሳካስ? ሆስፒታሎች የበጎ ፈቃድ ክፍል አላቸው፣ ለወጣቶች ይከፍቱት እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። ያንቺው ነርሲንግ ሆምም አለ። የአክቲቪቲ ኃላፊዋን አነጋግሪያት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአረጋውያኑ የምታነብ፣ ዊልቸር የምትገፋ ልጅ ብዙ ጊዜ ይፈልጋሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻ ላይም የድጋፍ ደብዳቤ የምትጽፍላት እሷው ልትሆን ትችላለች።