ከሞተር በፊት ክሬን ነበር ወይ?

ወንድሜ፣ «ቱሉ ዲምቱ ሳይታችን ላይ የቆመውን ክሬን ሳይ ይገርመኛል፤ ሞተር ሳይመጣ ከባድ ዕቃ በምን ያነሱ ነበር?» ላልከው፦ በእግር ነዋ!

እንግሊዝ አገር ሃርዊች በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ በ1667 እ.ኤ.አ. ለባሕር ኃይሉ የመርከብ መሥሪያ የተሠራ የእንጨት ክሬን ዛሬም ቆሟል። ሁለት ትልልቅ መንኮራኩሮች አሉት። የአንዱ ዲያሜትር ወደ 4.9 ሜትር ይደርሳል። ሰዎች ውስጡ ገብተው ይራመዳሉ። መንኮራኩሩ ሲዞር መሐል ያለው ዘንግ ገመዱን ይጠቀልላል፣ ዕቃውም ይነሳል። መንኮራኩሩ ከዘንጉ በጣም ስለሚሰፋ የጥቂት ሰው ክብደት ብዙ እጥፍ ጉልበት ይሰጣል። ከጉድጓድ ውሃ በመዘውር ያወጣ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

አስፈሪው ማውረዱ ነው። እናንተ ሳይት ያለው ክሬን ፍሬን አለው፤ ያኛው ግን ይህ ነው የሚባል ፍሬን አልነበረውም። ጭነቱ ካመለጠ መንኮራኩሩ ሰዎቹን ይዞ ይሽከረከራል። እኔ በየትኛውም ደሞዝ አልገባም!

በ1932 እ.ኤ.አ. ከመርከብ መሥሪያው ተነስቶ እዚያው ከተማ ሜዳ ላይ ተተክሏል። ፎቶውን ማየት ከፈለግክ የከተማዋን ስም ከክሬን ጋር አድርገህ ጎግል ላይ ፈልግ፣ ወዲያው ይመጣልሃል።