ባቡር ውስጥ ወድቄ ተጎዳሁ፤ ማንን ልክሰስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሳን ዲዬጎ ነው። ከአራት ወር በፊት ከኦሽንሳይድ በባሕሩ ዳር መስመር ስመጣ ባቡሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። ቆሜ ስለነበር ወድቄ ትከሻዬ ተሰበረ። ከፊታችን የጭነት ባቡር ቆሞ ነበር አሉን። ጓደኞቼ «ሁለት ዓመት አለሽ፣ አትቸኩዪ» ይሉኛል። ማንን ልክሰስ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርዎት። እኔ ግን ይቸኩሉ ነው የምለው። በካሊፎርኒያ ለአካል ጉዳት ክስ ሁለት ዓመት መሰጠቱ እውነት ነው። ያ ግን የግል ድርጅት ሲከሰስ ነው። ተከሳሹ የመንግሥት አካል ከሆነ መጀመሪያ በ6 ወር ውስጥ የካሳ ጥያቄ፣ ማለትም ክሌም፣ በጽሑፍ ማስገባት ግድ ነው። አራቱ ወር አልፏል።

በየትኛው ባቡር እንደተሳፈሩ አልጻፉልኝም። ኮስተር ከሆነ የሚያስኬደው ኖርዝ ካውንቲ ትራንዚት ዲስትሪክት የተባለ የመንግሥት አካል ነው፤ የ6 ወሩ ገደብ በቀጥታ ይመለከትዎታል። ፓሲፊክ ሰርፍላይነር ከሆነ አምትራክ የተባለው አገር አቀፍ የተሳፋሪ ባቡር ኩባንያ ነው የሚያስኬደው፤ እዚያ ሁለት ዓመቱ ይሠራል። ይሁንና ሐዲዱ የአምትራክ አይደለም። ከኦሽንሳይድ ወደ ሳን ዲዬጎ ያለው ሐዲድ በሕዝብ ትራንዚት ድርጅቶች፣ ማለትም በመንግሥት አካላት፣ እጅ ነው። ጥፋቱ ከምልክት መብራት ወይም ከሐዲዱ ቢገኝ ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ባቡሩ የማንም ይሁን፣ ክሌሙን አሁኑኑ ያስገቡ። ቢበዛ «እኛን አይመለከትም» ይሉዎታል። መልስ ለመስጠት 45 ቀን አላቸው። በጽሑፍ ውድቅ ካደረጉት ፍርድ ቤት ለመሄድ ሌላ 6 ወር ይኖርዎታል።

የጭነት ባቡሩን በተመለከተ ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም። በዚያ መስመር ጭነት የሚያመላልሰው ቢኤንኤስኤፍ የግል ኩባንያ ነው፤ መክሰስ ይቻላል። ግን ከፊት መቆሙ ብቻ ጥፋት አይደለም። መስመሩ ዴል ማር ገደል ላይ ነጠላ ሐዲድ ስለሆነ አንዱ ባቡር ሌላውን መጠበቁ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። መመርመር ያለበት የእርስዎ ባቡር ለምን በድንገት ቆመ የሚለው ነው። ነጂው ምልክት አልፎ ነበር?

ተከሳሾቹ «ለምን ቆምሽ? ለምን አልያዝሽም?» ማለታቸው አይቀርም። አይደንግጡ። የካሊፎርኒያ ሕግ ተሳፋሪ የሚያጓጉዝን ሁሉ ከፍተኛ ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያስገድዳል። እርስዎም በከፊል ጥፋተኛ ቢባሉ ካሳው ይቀነሳል እንጂ አይቀርም።

ቲኬትዎንና የሐኪም ማስረጃዎን ይያዙ። የባቡሩ ካሜራ የቀረጸው እንዳይጠፋ ዛሬውኑ በደብዳቤ ይጠይቁ። ቲኬቱ የአምትራክ ከሆነ ውሉን ያንብቡት፤ ክርክሩ በፍርድ ቤት ሳይሆን በግልግል ዳኝነት ይታይ የሚል አንቀጽ ሊኖርበት ይችላል።